ዒዳ ላይ ያለው ዓለት

በባሕር ዳርቻ በነበረች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሼህ ሑመድ የሚባሉ አላህን ፈሪ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ሪዝቃቸው ከባሕሩ ሥር ነው። ከዓለት ጋር ተጣብቆ የሚኖረውን፣ ሥጋው ለሀብታም ማዕድ የሚፈለገውን ትልቅ ዛጎል ጠልቀው ሲያወጡ ኖረው፣ ሲያረጁ የጠላቂዎቹ አለቃ ሆኑ። እሳቸው ሳይፈቅዱ ቢላዋ ይዞ ባሕር የሚገባ አልነበረም።

ጠላቂዎቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። ዛጎሉ እንቁላሉን በሚጥልበት ወቅት ማንም ዓለቱን አይነካም። ለምን ሲባሉ «ዓለቱ ዒዳ ላይ ነው» ይላሉ። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ የመጠበቂያ ወራቷን፣ ሳትጨርስ እንደማትታጭ ሁሉ፣ ዓለቱም የያዘውን እስኪገላገል ይጠበቃል ማለታቸው ነው።

ሼህ ሑመድና ባለቤታቸው ሩቂያ ዕድሜ ልካቸውን የናፈቁት አንድ ነገር ነው፤ ሐጅ። የሩቂያ ዓይን እየደከመ ሲሄድ ናፍቆቱ ባሰ። «ብርሃኑ ሳይጠፋብኝ ከዕባን አንዴ ባየው» ትላለች። እሳቸውም «ኢንሻአላህ» ይላሉ፤ መሄጃው ግን አልነበራቸውም።

አንድ ዓመት የሐጅ ጉዞ ከዓለቱ ዒዳ ጋር ገጠመ። ሳሌም የሚባል የመርከብ ባለቤት መጣና «ሼኻችን፣ ጂዳ ላይ ይህን ዛጎል የሚጠብቁ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ጠላቂዎችዎን ይዘዙና መርከቤን ይሙሉልኝ፤ እርስዎንም ባለቤትዎንም ሐጅ አድርሼ እመልሳችኋለሁ» አላቸው።

«ዓለቱ ዒዳ ላይ ነው ልጄ።»

ሳሌም ሳቀ። «ዓለት ደግሞ ባል አለው እንዴ?»

«ባልስ የለውም። ልጆች ግን አሉት።»

እንዲህ ይመልሱ እንጂ ልባቸው ተናውጦ ነበር፤ እስከ ነገ ቆየኝ አሉት። እኛ ብንሆን የሚመቸንን ፈትዋ የሚሰጠን ሰው ፍለጋ ከተማውን ባዳረስን ነበር። እሳቸው ግን ቤታቸው ገብተው ነገሩን ለሩቂያ ነገሯት። ናፍቆቱ የእሷም ነውና ብቻቸውን እምቢ ለማለት አንጀታቸው አልቻለም።

ሩቂያ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ «የመጀመሪያ ባሌን ባሕር ሲበላው፣ እርስዎ እኔን ይፈልጉኝ ነበር አይደል?» አለች።

«አዎን። አላህ ያውቃል፣ በጣም።»

«ዒዳዬ እስኪያልቅ ግን በደጄ እንኳ አላለፉም። የወደድኩዎት በዚያ ነው። አሁን በእኔ ምክንያት ዓለቱ ላይ አይቸኩሉ።»

በማግስቱ ሼህ ሑመድ መልሳቸውን ሰጡ። ሳሌም ተቆጥቶ ሌሎች ተጓዦችን ጫነና ሄደ። ባልና ሚስቱ ባሕሩ ዳር ቆመው ሸኙ። «ሸራው አሁንም ይታያል?» ስትላቸው «ይታያል» ይሏታል። ደጋግማ ጠየቀቻቸው፤ በመጨረሻ «አይታይም» ሲሏት እጃቸውን ያዘች።

ከጠላቂዎቹ አንዱ ሆዱ ባብቶ «ሼኻችን፣ ለዛጎል ብለው ሐጅ ይቅርብዎ?» ቢላቸው፣ እንዲህ አሉት፦

«ዒዳ አፍርሼ ብሄድ፣ ለበይክ፣ አቤት ጌታዬ የምልበት አፍ ከየት አመጣለሁ?»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዓመቱ ሌላ መርከብ መጣላቸው ብዬ ባስደስታችሁ በወደድኩ። አልመጣም። ሩቂያ ዓይኗ ጠፋ፤ ሁለቱም ሐጅ ሳያደርጉ ወደ አኺራ ሄዱ። ይህን ስተርክ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል። የምንናፍቀው ነገር ኸይር ከሆነ መንገዱ ሁሉ ሐላል ይመስለናልና፣ ወደ አላህ ቤት እየሮጥን የአላህን አማና፣ አደራውን፣ ስንረግጥ አይታወቀንም። እኒያ አዛውንት ግን ናፍቆታቸውን ይዘው ቀሩ። በዚያች ከተማ ቂብላው በባሕሩ በኩል ነው፤ ሶላት በቆሙ ቁጥር ፊታቸውን የሚያዞሩት መርከቡ ወደሄደበት ነበር።

ሐጃጆች የረሕማን እንግዶች ናቸው ይባላል። ደጁ ሳይደርሱ የሚያውቃቸው እንግዶችም እንዳሉት ተስፋ አደርጋለሁ።