የአያ አንበሶ ዋርካና የተረት ተራ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ካላችሁኝ እነግራችኋለሁ፤ ዝም ካላችሁኝ ግን አፌን አልከፍትም።

አውሬው ሁሉ ማታ ማታ በአያ አንበሶ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ተረት ይሰማ ነበር። አያ አንበሶ አንድ ቀን ተነሥቶ፣ ለዓመታት ስትተርት የኖረችውን እመት ጦጢትን ወደ አመሻሽ አዛወረና ተራዋን ለጃርት ሰጠው። አመሻሽ ላይ ደግሞ አውሬው ውሃ ሊጠጣ ወንዝ ይወርዳል፤ ጦጢት የሚሰማት አጥታ አኮረፈች። ጃርት ተራውን ገና ሳይለምደው ተጠራ።

«ጦጢት ወደ ቦታዋ ትመለስ፤ አንተ ከእሷ በኋላ ትተርታለህ። ትንሽ ብትዘገይ ምን አለበት?» አለው አያ አንበሶ።

የጃርት እሾህ ቆመ። «ያኔማ ሁሉም ተኝቷል! ለሚያንኮራፋ ልተርት ነው? ትናንት ሰጡኝ፣ ዛሬ ነሡኝ፤ ኧረ በዛ! ለመሆኑ እርስዎ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ሰምተውን ያውቃሉ?»

«ዋርካው የእኔ ነው፤ ደግሞ ተረት ልስማልህ?»

ጃርት እያጉረመረመ ጉድጓዱ ገባ። ጭቅጭቁ ያሰለቸው አውሬም እየተነሣ ወደየቤቱ ሄደ።

ጦጢት ጉሮሮዋን ጠርጋ «ተረት ተረት!» ስትል ጃርት ከጉድጓዱ ሆኖ ሰማት። መልስ የለም። ደግማ «ተረት ተረት!» አለች። ከዋርካው ሥር የቀረው አያ አንበሶ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አያውቅም።