ልጅቷ ያልገለጠችው ገጽ

«እኔን የሚያታልል ልጅ ገና አልተወለደም!» አለች አንዲት ሴት።

ሴትዮዋ የትምህርት አማካሪ ናት። ማንበብ የሚያቅታቸውን ልጆች አገር ላገር እየዞረች ታጠናለች። አንዱ አገር «ሕመም ነው» ይላል። ሌላው «ስንፍና ነው»፤ ሌላው «ዓይን በልቶት ነው»። እሷ ሁሉንም ታውቃለች። ደግሞ ማወቋን ስታወራ! ኧረ አትጨርስም።

ወልድያ መጣችና ትርንጎ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ልጅ ቀረበችላት። ልጅቷ ፈተና በወደቀች ቁጥር አባቷ አቶ ደምሰው «ሰነፍ!» ይሏታል። ያን ቀንም ቁርጡን ተናገሩ። «ሕመም ከሆነ እናሳክማት። ስንፍና ከሆነ ግን ትምህርቱ ይብቃት፤ ከሰኞ ጀምሮ ወፍጮ ቤት!»

ሴትዮዋ የልጅቷን የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ከፈተችላት። «በይ አንብቢ የኔ ቆንጆ።»

ትርንጎ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ንባቡን ለቀቀችው! እንደ ጅረት። ሴትዮዋ አጨበጨበች።

«ይቺ ልጅ ምንም አልሆነችም። ስንፍና ነው።»

«ሰማሽ?» አሉ አባት ብድግ ብለው። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ቆይ ግን፣ እኛ ክፍል ውስጥ እንዴት ነው የምንማረው? መምህሩ ይላል፣ ተቀብለን እንጮኻለን። ይላል፣ እንጮኻለን። መጽሐፉን ሳናየው በጆሯችን ገብቶ ያልቃል! ይህን የማያውቅ አለ? ሴትዮዋስ ራሷ እዚሁ አገር ጮኻ አይደል ያደገችው? ትዝታውን አውሮፕላን ላይ ጣለችው? ኧረ በእመቤቴ!

መጽሐፉን ልታጥፍ ስትል ደነገጠች። ልጅቷ ታሪኩን እስከ መጨረሻው በቃሏ ወጥታዋለች። መጽሐፉ ግን መጀመሪያ የተከፈተበት ገጽ ላይ ነው! ሴትዮዋ ሌላ ገጽ ገልጣ አንዲት ቃል ጠቆመቻት። ዝም። ሌላ ጠቆመች። ዝም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ልጃችሁ ስታነበንብላችሁ «ጎበዝ!» ከማለት በቀር «እስቲ የቱ ጋ ነሽ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ ቤተ ክርስቲያንስ? «አቤቱ ይቅር በለን» ስንል ድምፃችን ጣሪያ ይነካል። አጠገባችን የቆመውን፣ የተጣላነውን ሰው ግን ቀና ብለን አናይም። እግዚአብሔርም የሚያጨበጭብልን መስሏችኋል? አይምሰላችሁ!

ሴትዮዋ ፍርዷን አነሣች፤ ወፍጮ ቤቱም ቀረ። ግን አፈረች መሰለኝ፣ ልጅቷ ላይ ዞረችባት።

«አንቺ! ማንበብ እንደማትችዪ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴ እትዬ! መርማሪዋ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»