ጭስ የሌለው ከሰል

አንድ የኬሚስትሪ መምህር በአንዲት ብርዳማ የደጋ ከተማ ያስተምር ነበር። አጥናፉ ይባላል። ትምህርቱን አሳምሮ ያውቃል፤ ክፋትም የለበትም። አንድ አመል ግን ነበረው፤ ከተደረሰበት ምዕራፍ ውጭ ጥያቄ አይቀበልም። ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ለምን ያስለቅሳል ያለ ተማሪ፣ "ተረጋጋ፣ መጽሐፉ ቅደም ተከተል አለው" ይባላል። ክፍሉ ይስቃል፤ ጠያቂው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። በዚህ ዓይነት መጽሐፉ በየዓመቱ በጊዜው ያልቃል፤ ርእሰ መምህሩም ያመሰግኑታል።

በታኅሣሥ፣ ገና ምዕራፍ ሁለት ላይ ሳሉ፣ እናኑ የምትባል ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እኛ ቤት ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የምናስገባው። ታዲያ እናቴን ለምንድን ነው ራሷን የሚያማት? ትናንትማ አስመለሳት።"

መምህሩ መልሱን ያውቃል። ግን ሰሌዳው ላይ የጀመረው ሠንጠረዥ ነበር።

"ስለ መቃጠል የምንማረው ምዕራፍ ስድስት ላይ ነው፣ እናኑ። ምን አስቸኮለሽ?"

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እሷም አፍራ ተቀመጠች።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ እናኑ አክስቷ ዘንድ አድራ በጠዋት ስትመለስ በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነበር። ጎረቤቶች ሰብረው ገቡ። ብርድ እንዳይገባ የመስኮቱ ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል፤ አልጋው አጠገብ ያለው የምድጃው ከሰል አመድ ሆኗል። እናቷ በተኛችበት ቀርታለች።

መምህሩ ለቅሶ ደረሰ። እናኑ ጥቁር ለብሳ መጥታ ፊቱ ቆመች።

"ቲቸር፣ አሁን ይንገሩኝ። ጭስ ከሌለው ምን ገደላት?"

"ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ያወጣል። ራስ ምታቱ ምልክቱ ነበር" አላት።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው፣ ልጄ።"

መምህሩ እዚያው እንደ ልጅ አለቀሰ። የነገራት ሁሉ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ ይመልሳል፤ መጽሐፉም በጊዜው አልቆለት አያውቅም። ጸጸቱ ግን አልለቀቀውም።

ወዳጆቼ፣ ልጆች የሚጠይቁን ለማወቅ ጓጉተው ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ቤታቸው ያለ ሰው ጉዳይ አስጨንቋቸው ነው። እናውቃለን ለምንል ሰዎች ትልቁ ጥፋት አለማወቅ ሳይሆን፣ እያወቁ ማዘግየት ነው። እኛስ "ቆይ፣ በኋላ" ብለን ያሳለፍነው ጥያቄ የማንን ሕይወት ይዞ ይሆን?