የአንድ ሰው ቦታ

በአንድ ወቅት በኢጣሊያ ተራራ ላይ፣ ልጆቻቸው ወደ ከተማ የሄዱባቸው ሽማግሌዎች የፍየል አይብ ማኅበር ነበራቸው። በማኅበሩ መቶ ፍየል ያለውም አንድ ፍየል ያለውም እኩል አንድ ድምፅ አለው። ባሕሩን በአንድ ጀልባ የተሻገሩ ሦስት የሀገራችን ሰዎች፣ ደምሰው፣ ጌጤነሽና ነጂባ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ እዚያ ይሠሩ ነበር።

ደምሰው እረኛ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ፍየሎቹ ካንተ የተሻለ ጣሊያንኛ ይሰማሉ» እያሉ ይቀልዱበታል። በብርድ ወራት መንጋውን ገደል ሥር አሰማርቶ ሳለ በረዶ ዘጋበት። በባዶ እጁ በረዶውን ጭሮ መንገድ ከፈተ። መንጋው ተረፈ፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ግን በብርዱ ሞተው ተቆረጡ።

በዚያው በረዶ መብራት ጠፋ፤ የወተቱ ማቀዝቀዣ ቆመ። ጌጤነሽ ማንንም ሳትጠይቅ፣ እናቷ የወተት ዕቃ እንደምታጥነው፣ የማኅበሩን ጣሳዎች በወይራ እንጨት አጠነች። ዕቃውን አጠቆረችው ብለው ተቆጧት። ወተቱ ግን ሰነበተ፤ ገዢውም ከዚያ ወዲያ ወይራ ወይራ የሚለውን አይብ ብቻ ይፈልግ ጀመር።

የጤና ተቆጣጣሪዎች ይህን ሲሰሙ፣ እንዲህ ያለ አሠራር አናውቅም ብለው ማኅበሩን ሊያስዘጉ ከሰሱ። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ሽማግሌዎቹ የማጠኑን ጥቅም ማስረዳት አቃታቸው። ቋንቋውን ከሬዲዮ የተማረችው ነጂባ፣ ስሟን ከተናገረች እንደምትያዝ እያወቀች ተነሥታ አሠራሩን አስረዳች። ማኅበሩ ዳነ። የሷ ነገር ሲጣራ ግን የሁለቱም ተገለጠ፤ ሦስቱም ከሀገር እንዲወጡ ታዘዘ። ዳኛው የፈቀደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማኅበሩ አንዱን አባል ካደረገ፣ ያ ሰው ይቀራል።

ስብሰባው ተጠራ። ደምሰው እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«በዚህ እጅ አገሬ ገብቼ ምን ልረስ?»

«ገደል ሥር ያሰማራሃቸው አንተ አይደለህ?» አለችው ጌጤነሽ። ለሽማግሌዎቹም፣ እሷ ከሄደች ያን አይብ የሚሠራላቸው እንደሌለ ነገረቻቸው።

«ተቆጣጣሪዎቹን ያመጣብን የሷ ጢስ ነው» አለች ነጂባ። «እኔ ዝም ብል ዛሬ የሚሰበሰብ ማኅበር የለም።»

«አንቺ ባትናገሪ እኛን ማን ያውቀን ነበር?» አለ ደምሰው።

በአንድ ጀልባ የመጡት ሦስቱ ከዚያ በኋላ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

እጅ ሲቆጠር ሦስቱም እኩል ሆኑ። ድምፅ ሳትሰጥ የቀረችው የማኅበሩ ሊቀመንበር እማማ ኑንዚያታ ብቻ ናት። ውጭ የፖሊስ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። የአሮጊቷ እጅ ገና ጭኗ ላይ ነው።

እናንተ በሷ ቦታ ብትሆኑ፣ እጃችሁን ለማን ታነሡ ነበር?