የሰባት አባት አዳራሽና የውጭው ድንጋይ

በቆርጥ አምባ አናት ላይ፣ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ካቡ ያረጀ ትልቅ ክብ ቤት አለ፤ ስሙም የሰባት አባት አዳራሽ ነው። ከደጁ ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሰው ተቀምጦበት ተቀምጦበት የለሰለሰ ረጅም ጥቁር ድንጋይ ተጋድሟል። በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል የአቤቶ ስነ ጊዮርጊስ ዘሮች ከያሉበት ተሰብስበው ወደ አዳራሹ ሲገቡ፣ አንድ ቤተሰብ ግን እዚህ ድንጋይ ላይ ቀርቶ ዳቦውንና ጠላውን በአጥር ላይ ይቀበል ነበር። ያየ እንግዳ ሁሉ እነዚህ ምን አጥፍተው ነው ብሎ ይጠይቃል። ምንም አላጠፉም። ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማሁትን እነግራችኋለሁ፤ የአዳራሹ ሰዎች ሌላ ቢሏችሁ እነሱን ጠይቁ፣ ካገኛችኋቸው።

እንደሚነገረው አምባውን ያቀኑት አቤቶ ስነ ጊዮርጊስ ናቸው። ወደ አዳራሻቸው የሚገባ ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ፣ ከወላጅ አባቱ ጀምሮ ወደ ላይ ሰባት አባት እንዲቆጥር ሥርዓት አቆሙ፤ የቆጠረ ከማዕዱ ይቀመጣል፣ ርስቱም ይታወቅለታል፤ ያልቆጠረ ባዳ ነው። የአዳራሹም ስም ከዚህ የመጣ ነው ይባላል።

ከብዙ ዘመን በኋላ ከዘሩ አንዱ፣ ባላምባራስ አጥናፌ የሚባሉት፣ በግጦሽ ድንበር ተጣልተው የጎረቤት ሰው ገደሉ። ደሙ ሳይመለስ እሳቸው በንዳድ ሞቱና ዕዳው በአንድያ ልጃቸው በሽበሺ ላይ ወደቀ። ሽበሺ ያን ጊዜ ገና ያገባ ጎልማሳ ነበር፤ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ነበረች። የሟች ወንድሞች ቤቱን ከበቡት፤ ሽማግሌ ገብቶ የሦስት ቀን ቀጠሮ አስያዘ። እናቱ እመት ወለላ በእነዚያ ሦስት ቀናት ቤት ለቤት እየዞረች የባሏን ዘመዶች እግር ሳመች፤ ልጄን አትስጡብኝ አለች። እነሱ ግን ሌላ ደም ይመጣብናል ብለው ፈርተው ዝም አሉ። ይህን ስሰማ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ሰባት አባት የሚቆጥር አፍ ለአንድ ሰው መናገር አቃተው!

በሦስተኛው ቀን እመት ወለላ ሚካኤል ደጃፍ ሄደች፤ ሕዝቡ ሁሉ ባለበት የቤተ ክርስቲያኑን መዝጊያ ይዛ ማለች።

«ሽበሺ የአጥናፌ ልጅ አይደለም። ከአላፊ ነጋዴ ነው የወለድኩት። ብዋሽ ታቦቱ ይፍረድብኝ።»

ደመኞቹ የነጋዴ ልጅ ደም ምን ያደርግልናል ብለው፣ መሬት ላይ ምራቃቸውን ተፍተው ሄዱ። ሽበሺ ተረፈ። የአጥናፌ ዘር ከጠፋማ ደሙም ደርቋል ተብሎ በሁለቱ ወገን መካከል እርቅ ወረደ።

በዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ሽበሺ እንደ ልማዱ ደጁ ላይ ቆሞ የአባቱን ስም ሲጀምር ቆጠራውን የሚያዳምጠው ዘር ቆጣሪ እጁን አንሥቶ አስቆመው፤ እሱም ተመልሶ ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እመት ወለላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረበች፤ መሐላዬን ላንሣ ብላ ለመነች። ዘር ቆጣሪው ክፉ ሰው አልነበረም ይባላል፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የመለሰላት።

«እመት ወለላ፣ ያኔ ዋሽተው ከሆነ እርቁ ፈረሰ፣ ልጁም ይሞታል። እውነት ከሆነም ባዳ ነው። ምን እናድርግዎ?»

እሷም ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ከልጇ ጋር ድንጋዩ ላይ ስትቀመጥ አረጀች። ልትሞት ስትል ሽበሺ ሰውን ሁሉ አስወጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። አባቴ ማነው?»

እጁን ያዘች።

«ማልኩ እኮ፣ ልጄ» አለችው።

ያዳነችው ዋሽታ ይሁን እውነቱን ተናግራ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው መቃብር ገባች።

እኔ ከሽበሺ ዘር ነኝ፤ የድንጋዩ ሰው ነኝ። የአዳራሹ ሰዎች ከጊዜ በኋላ ግማሹ ከተማ ገባ፣ ግማሹ ወንድ ልጅ አጣ፣ ግማሹ ሞተ፤ በመጨረሻ አለቃ መሸሻ የሚባሉት ዘር ቆጣሪ ብቻቸውን ቀሩ። አምና በበዓሉ ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ እኛ ወጡ። ከአጥር ውጭ ስንሰማ ኖረን ስሞቹን ሁሉ በቃላችን እንደያዝን ያውቃሉ።

«አፈር ስሆን ግቡ» አሉን። «ከእኔ በኋላ የሚቆጥር የለም።»

ታላቅ ወንድሜ ዘለቀ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እስከ ደጁ ድረስም ሄደ። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

«የሽበሺን አባት ማን ልበል፣ አለቃ?»

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልተረጋገጠ ስም ጠርተው አያውቁም። ተመልሰው ገቡና ሰባቱን አባት ብቻቸውን ቆጠሩ፤ ሲቆጥሩ ድምፃቸው ይሰማን ነበር። በዐቢይ ጾም ሞቱ።

ዘንድሮ በኅዳር ሚካኤል የአዳራሹ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ከልካይም የለ። ከአጥር ላይ የሚያቀብለን ስለሌለ ዳቧችንን ራሳችን ጋግረን ሄድን፤ ድንጋዩም ላይ ተቀመጥን። ሲመሽ ተነሥተን ወደየቤታችን ገባን።