ከተማ ያስጠማ አክብሮት

አንድ የቆላ ከተማ ነበረ። የሚኖረው ከጉድጓድ በሚወጣ ውሃ ነው፤ ሌላ ውሃ የለውም። ውሃውን የሚስቡትን ፓምፖች የሚያዛቸው፣ ማጠራቀሚያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው አንድ ኮምፒውተር ነበር።

የውሃ ጣቢያው ኃላፊ ጓንጉል ይባላል። ልጅ ሳለ በድርቅ ዘመን፣ ከከተማው በታች ካለው ከብት የሚገባበት ኩሬ በጀሪካን እየቀዳ ቤተሰቡን ያጠጣ ነበር። ታናሽ እህቱ በዚያ ውሃ ታማ ሞተች። ስለዚህ ነገር አያወራም። የሚጠይቀው ሲኖር “አለፈ” ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በውሃ ጉዳይ ግን ቀልድ አያውቅም። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ለማንም መናገር ክልክል መሆኑን በትልልቅ ፊደል አስጽፎ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ተረኛው ምትኬ አነሣው።

“ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው” አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። “ሲስተማችሁ ተበላሽቷል። ከዚህ ሆነን እናስተካክለዋለን። የይለፍ ቃሉን በለኝ።”

“እሺ ጌታዬ... ይቅርታ፣ ማን ልበል?”

“ማን ልበል?! አለቃህ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ነው ደሞዝ የምትበላው? ስምህን ንገረኝ! ለጓንጉል ልደውልለት?”

ምትኬ ከወንበሩ ብድግ አለ። ሰውየው አያየውም፤ እሱ ግን ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ነገረው። “ይቅርታ ጌታዬ፣ አላወቅኩዎትም” ብሎም ጨመረበት።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ፓምፖቹ ቆሙ። የማጠራቀሚያው ማፍሰሻ ተከፈተና የከተማው ውሃ ወደ ገደል ወረደ። ጓንጉል ሮጦ በእጁ እስኪዘጋው ድረስ የተረፈ ነገር አልነበረም። ኮምፒውተሩም የይለፍ ቃሉ ተቀይሮበት አላስገባም አለ። ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ፣ የት ሆኖ እንዳደረገው አልታወቀም።

በማግስቱ ሕዝቡ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ኩሬው ወረደ። ጓንጉል መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ጮኸ። “ተመለሱ! ይህ ውሃ ይገድላል!”

አንዲት እናት ሴት ልጇን እንዳዘለች አልፋው ሄደች። “ጋሼ፣ የሚገድለውንማ እኔም አውቀዋለሁ” አለችው ሳትቆም። “የማይገድለውን አምጣና ልመለስ።”

ጓንጉል የዘረጋውን እጁን አወረደ።

ፓምፖቹ ዳግም እስኪሠሩ ሳምንት አለፈ። ሆስፒታሉ በሕፃናት ተሞላ። ያቺ የታዘለችው ልጅ ሞተች።

ጓንጉል ከቀብሯ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄዶ ሠራተኞቹን ሰበሰበ። ምትኬ ጥፋቱን አልደበቀም ነበር።

“አንተ ማንበብ አትችልም?” አለና ጓንጉል ግድግዳውን በጡጫ መታው። “ይህ ለጌጥ ነው የተሰቀለው?”

“አንብቤዋለሁ።”

“ታዲያ ማን ነህ ማለት አቃተህ?”

“ብዬው ነበር። ሲቆጣ ፈራሁ።”

“ድምፅ ፈራህ! ለአንድ ድምፅ ብለህ ከተማ አስጠማህ!”

ምትኬ ቀና አለ። ከዚህ ወዲያ የሚፈራው ነገር አልቀረውም። “ጋሼ ጓንጉል፣ ያ ባለፈው በትልቅ መኪና የመጣው እንግዳ በር ላይ መታወቂያ ሲጠየቅ፣ ጥበቃውን ምን አሉት?”

ምትኬ መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

“‘ባለጌ! ሰው አታውቅም?’ ነው ያሉት፤ በሁላችን ፊት። እንግዳውን ደግሞ አጎንብሰው ይቅርታ ጠየቁት። ጥበቃው ያደረገው እርስዎ ያዘዙትን ነበር። እኔ የተሰቀለውን አነበብኩ፤ የተደረገውን ግን አየሁ። ያየሁትን ሠራሁ።”

ጓንጉል ጡጫውን እንደጨበጠ ቀረ። ሊመታ ፈልጎ ነበር። ማንን እንደሚመታ ጠፋው።

ከሰዓት በኋላ የከተማው ሹማምንት ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስበው “የደረሰብን የሳይበር ጥቃት ነው፤ አጥፊዎቹ እጅግ የረቀቁ ናቸው” ሲሉ፣ ጓንጉል ሳይፈቀድለት ተነሣ።

“ምኑ ነው የረቀቀው?” አለ። “ደወለ፤ ተቆጣ፤ ሰጠነው። በቃ!”

“አቶ ጓንጉል፣ ሥርዓት ይያዙ እንጂ!”

“ሥርዓት ብለን አይደል እንዴ ልጅ የቀበርነው! ሌባው በር አልሰበረም። ማን ነህ ብሎ የሚጠይቀውን ሰው አስቀድሜ አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ሌላ አጥፊ ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን መዝግቡ!”

ድምፅ ማጉያውን ዘጉበት። እሱ ግን ያለ ድምፅ ማጉያም እስከ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር።

ዛሬ ውሃችን፣ መብራታችን፣ በኪሳችን ያለው ስልክ ሳይቀር በአንድ የይለፍ ቃል ይከፈታል። ያንን ቃል ከእጃችን የሚወስዱት ሁልጊዜ በረቀቀ ጥበብ አይደለም፤ በቁጣ፣ በማዕረግና በወፍራም ድምፅም ይወስዱታል። “ማን ነህ?” ማለት ስድብ አይደለም። ሲጠየቅ የሚቆጣን ሰው አስቀድማችሁ ተጠራጠሩ። ጠያቂን የሚያዋርድ አለቃ ደግሞ፣ ግድግዳው ላይ የፈለገውን ይስቀል፣ ሠራተኞቹን ለዘራፊ በር መክፈት እያስተማረ ነው። ብዙ ጊዜ አክብሮት እያልን የምንጠራው ፍርሃታችንን ነው።

እርስዎስ? “ማን ልበል?” ብሎ የጠየቀዎትን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ያመሰገኑት መቼ ነው?