ጠላ የሚያኮመጥጠው ጋን

ትናንት ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ፣ እኔ፣ አምና ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት የሚያቅተኝ። ያስደነገጠኝ ግን መጠየቄ አይደለም፣ መልሱ ነው።

እማዬ ሰው ሠራሽ ጉልበት አላት፤ ብረት ነው። ካበጠ ቆየ። ባለፈው ከጉልበቷ ፈሳሽ ተወስዶ ተመርምሮ «ምንም አልበቀለም»፣ ማለትም ተህዋሲያን አልተገኘም፣ ሲሏት ደስ አላት፤ እብጠቱ ግን ባሰበት። አሁን ዶክተሩ ከፍቶ ናሙና ሊወስድ ቀጥሯታል፤ እስከዚያ አንቲባዮቲክ እንዳትነኪ ብሏታል። እሷ ግን ከእብጠቱ የሚወጣው መግል ያሳፍራታል። «እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት እቀርባለሁ?» ትልና የአንቲባዮቲክ እንክብሏን ትውጣለች። እኔ ደግሞ እግሯን እንዳታጣ እፈራለሁ። ስለዚህ የባዮሎጂ አስተማሪያችንን ቲቸር አጸደን፣ እናቴ እንዲህ ናት፣ መድኃኒት መውሰዷ ምርመራውን ምን ይጎዳዋል ብዬ ጠየቅኳቸው። ጠመኔውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ።

አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱ ጠላ የምትጠምቅበት ትልቅ ጋን ነበረው። የልጃቸው ሰርግ ሲቃረብ ጠላው መኮምጠጥ ጀመረ። ጌሾውን ቀየሩ፣ ብቅሉን ቀየሩ፣ ያው ነው። ጋን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ መጥተው እንዲያዩላቸው ላኩባቸው።

ሰውዬው እንግዳ ሊመጣ ነው ብሎ ጋኑን በግራዋ ፈትጎ አጠበ፣ በወይራ አጠነ። ለእንግዳ ቆሻሻ ጋን አይታይማ። ሽማግሌው አሸተቱ፣ እጃቸውን ከተው ዳበሱ፣ ምንም የለም። ጋኑ ደህና ነው ብለው ሄዱ። ሚስትየው ደግማ ጠመቀች፤ እሱም ኮመጠጠ። ባል የሚስቱን እጅ፣ ሚስት የጎረቤቱን ዓይን መውቀስ ጀመሩ።

ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። «ባለፈው ያሳየኸኝ ወይራህን ነው እንጂ ጋንህን አይደለም፤ አሁን እንዳትነካው» አሉት። ጭሱ እስኪለቀው ጠበቁ። ከዚያ ንጹሕ ውሃና ጠጠር ጨምረው ጋኑን መሬት ላይ እያንከባለሉ ናጡት፤ ግድግዳው ላይ የተጣበቀው እንዲላቀቅ። ውሃውን በትንንሽ ማሰሮዎች ከፋፈሉ፣ ደህና ጠላ ጨመሩበት፣ ከድነው ሙቀት ያለበት አኖሩት።

ሰውዬው በማግስቱ ከፍቶ ቀመሰና «ይኸው፣ ጥሩ ነው» አለ። ሽማግሌው «ክደነው፤ ይሄ ቀስ ብሎ የሚነሳ ነው» አሉት። ከቀናት በኋላ ቀመሱ፤ የኮመጠጠው አንዱ ብቻ ቢሆን እጃችን ነክቶት ነው ይባል ነበር፣ ግን ብዙዎቹ ማሰሮዎች በአንድ ዓይነት ጣዕም ኮምጥጠዋል። ጥፋተኛው ጋኑ ነበር።

ቢኒያም ከኋላ ወንበር «ሰርጉስ ቲቸር?» አለ።

«በውሰት ጋን ተደገሰ። አንተ ስለ ሆድህ ብቻ» አሉት፤ ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋኑ የእናትሽ ብረት ነው። ተህዋሲያኑ እሱ ላይ ተለጥፈው ይደበቃሉ። ለዚህ ነው ሐኪሞቹ ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከተለያየ ቦታ ሥጋ የሚወስዱት፤ ብረቱ ከወጣም ውሃ ውስጥ ከተው በማሽን እያንቀጠቀጡ የተለጠፈውን ያራግፉታል። ላቦራቶሪው ምግብና ሙቀት ሰጥቶ ከወትሮው አስረዝሞ ይጠብቃል። እንክብሉ ደግሞ ወይራው ነው። ብረቱ ላይ ያሉትን አይጨርሳቸውም፤ ከሚፈልጋቸው ሰው ይደብቃቸዋል እንጂ። ‹ምንም አልበቀለም› ማለት ሁልጊዜ ምንም የለም ማለት አይደለም።»

ባለፈውም ከምርመራው በፊት እንክብል ስትውጥ አይቻለሁ። ተቀመጥኩ።

ዛሬ ጠዋት ከሁሉም በፊት ከእማዬ ትራስ ሥር እንክብሉን አወጣሁ። ነቅታ ነበር።

«የት ልትወስጂው ነው?»

«ዶክተሩ ጋ፤ አንቺንም ጭምር። ሁለቱንም ጊዜ መዋጥሽን እንነግረዋለን፣ ቀጠሮው ይገፋ እንደሆነም እሱ ይወስናል።»

«ምን ይለኛል ልጄ?»

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት፤ ጫማዋን እያጠለቅኩላት «አንድ ሰው ነበረ» ብዬ ጀመርኩ።